የመመለስ ታሪክና የመምህሩ ድርሻ

ሰዎች አንዱን ሃይማኖት ትተው ሌላውን ስለ መቀበላቸው የሚናገረው ታሪክ ሁሉ አካሄዱ አንድ ዓይነት ነው። ጸሓፊው አስቀድሞ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ቀኑን ካገኘ በኋላ አንድ ራእይ ወይም አንድ የጦር ሜዳ ድል ይፈልጋል፤ እርሱንም ካገኘ ነገሩ የተፈጸመ ይመስለዋል። በየክፍላችን የምናስተምረውም ከዚሁ የራቀ አይደለም። ሳውል በደማስቆ መንገድ ወደቀ፤ ቈስጠንጢኖስ መስቀል አየ፤ አክሱም በኢዛና ዘመን ክርስቲያን ሆነች እንላለን፤ ዓመቱን በሰሌዳ ላይ ጽፈንም ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እናልፋለን። ተማሪው ዓመቱን ያጠናል፤ በፈተናም ቀን ይመልሳል። ከዚያ ቀን በፊት የነበሩት ዓመታት በምን እንዳለፉ፣ ከዚያም ቀን በኋላ ምን እንደ ተሠራ ግን የሚጠይቀው የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ታሪክ የሚገኘው በእነዚያ ባልተጠየቁት ዓመታት ውስጥ ነው፤ ዓመታቱንም ገልጦ የሚመለከት ሰው ብዙውን ጊዜ በመካከላቸው አንድ አስተማሪ ተቀምጦ ያገኛል።

ይህ ቃል በመምህራን ማኅበር መጽሐፍ ውስጥ ሲጻፍ ሙያን ለማሞገስ የተባለ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ምስክሮቹን በየተራ አቀርባለሁ፤ አንባቢው ራሱ ይፍረድ። ለሙያችን የማይመች ምስክር ሲመጣም አልደብቀውም። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ነቢያት ለዚህ ነገር አዘውትረው የሚናገሩበት ቃል «ሹብ» የሚለው ነው፤ ትርጓሜውም «ተመለሰ» ማለት ሲሆን መንገድ ስቶ ለተመለሰ መንገደኛም የሚነገር ተራ ቃል ነው። በግሪኩ ሐዲስ ኪዳን «ሜታኖያ» የሚለው ቃል የአሳብን መለወጥ፣ «ኤፒስትሮፌ» የሚለው ደግሞ ፊትን ማዞርን ያመለክታል። አማርኛችንም ሁለቱን አሳብ ይዞ አንድ ጊዜ «ተመለሰ»፣ አንድ ጊዜ «ተለወጠ» ይላል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። መለወጥ፣ ልብስን እንደ መለወጥ፣ በአንድ ጊዜ ይፈጸማል፤ የሚመለስ ሰው ግን የሄደበትን መንገድ መልሶ መሄድ አለበት፤ መንገዱም ሩቅ ሊሆን ይችላል።

የሶርያ ንጉሥ የጦር አለቃ የንዕማን ታሪክ ይህን በግልጥ ያሳያል። ሰውየው ለምጽ ነበረበት፤ በነቢዩ በኤልሳዕ ትእዛዝ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ተጠምቆ ነጻ። ሁሉም የሚያስታውሰው ይህን ነው። ከነጻ በኋላ የለመናቸው ሁለት ነገሮች ግን ከመንጻቱ ይልቅ ያስደንቃሉ። አንደኛ፣ ሁለት በቅሎ የሚጭኑት የእስራኤል አፈር እንዲሰጠው ለመነ፤ በዚያን ዘመን አምላክ ሁሉ የአገሩ አምላክ ተደርጎ ይታሰብ ስለ ነበር፣ የእስራኤልን አምላክ በእስራኤል አፈር ላይ ለማምለክ አስቦ ነው። ሁለተኛ፣ ጌታው ንጉሡ በእጁ ተደግፎ ወደ ሬሞን ጣዖት ቤት ሲገባ እርሱም አብሮ ማጐንበሱ ስለማይቀር፣ ይህ እንዳይቈጠርበት ጠየቀ። ሰውየው ከወንዙ ወጥቷል፤ አሳቡ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው። ኤልሳዕም ይህን ሰምቶ አልተቈጣም፤ ትምህርቱንም በአንድ ቀን ለመጨረስ አልሞከረም፤ በሰላም አሰናበተው። ደግሞም ነገሩን የጀመረው ኤልሳዕ አይደለም። በንዕማን ቤት ታገለግል የነበረች፣ ከእስራኤል የተማረከች፣ ስሟ እንኳ ያልተጻፈ አንዲት ትንሽ ልጅ ስለ ነቢዩ ለእመቤቷ ባትነግር ኖሮ ንዕማን ከሶርያ አይወጣም ነበር።

በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የተጻፈው የጃንደረባው ታሪክ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የንግሥት ህንደኬ የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ የነበረው ይህ ሰው ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ በጋዛ መንገድ ሲመለስ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። የታሪክ ሊቃውንት ህንደኬ ወይም ካንዳኬ የሚለው ቃል በናይል ዳር በነበረው በመርዌ መንግሥት የንግሥቶች ማዕርግ እንደ ነበረ፣ ግሪኮችም ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር በጠቅላላው ኢትዮጵያ ይሉት እንደ ነበረ ያስረዳሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ደግሞ ሰውየውን ከኢትዮጵያውያን መጀመሪያ የተጠመቀ አድርጎ ይቈጥረዋል። ለእኛ ለመምህራን ይልቁንም ልብ የሚባለው የትምህርቱ አኳኋን ነው።

ፊልጶስ ንባቡን በጆሮው ሰማ ይላል፤ የጥንት ሰው እንደ ቆሎ ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበርና። ቀርቦም የሚያነበው ነገር ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባው የሚያስረዳው ሰው ሳይኖር እንዴት ሊገባው እንደሚችል መልሶ ጠየቀና፣ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስም የራሱን መጽሐፍ አላወጣም፤ ይልቁንም ተማሪው ገልጦ ከያዘው ገጽ ጀመረ። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 ሕግ ጃንደረባ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር፤ ስለዚህ ይህ ሰው ያን ሁሉ መንገድ ተጕዞ እንደ ሌላው ሰው ለመቈጠር ያልታደለ ሰው ነበር። በያዘው በዚያው በኢሳይያስ መጽሐፍ ግን፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ በምዕራፍ 56፣ ለጃንደረቦች በእግዚአብሔር ቤት ስፍራ እንደሚሰጣቸው ተስፋ ተጽፏል። ፊልጶስ እዚያ ደርሶ እንደ ሆነ መጽሐፉ አይናገርም፤ ነገር ግን ውሃ ባዩ ጊዜ እንዳይጠመቅ የሚከለክለው ነገር እንዳለ የጠየቀው ራሱ ጃንደረባው ነው። ብዙ ጊዜ ተከልክሎ የኖረ ሰው ጥያቄ ነው።

ወደ ሳውል እንለፍ። እዚህ ላይ ሥዕል ታሪክን ምን ያህል እንደሚቀድም ማየት ይቻላል። ኢጣሊያዊው ሠዓሊ ካራቫጆ በ1601 ገደማ የሣለውን ሥዕል ያየ ሰው ሳውል ከፈረስ እንደ ወደቀ ያምናል፤ በሐዋርያት ሥራ ታሪኩ ሦስት ጊዜ ሲነገር ግን ፈረስ የሚባል አንድ ጊዜም አልተጠቀሰም። እንዲሁም ብዙ ሰው ሳውል በተጠመቀ ጊዜ ስሙ ጳውሎስ ተባለ ይላል፤ መጽሐፉ ግን ሁለቱን ስሞች አያይዞ የሚያነሣቸው ብዙ ቈይቶ በቆጵሮስ ደሴት ባለው ታሪክ ሲሆን፣ አነጋገሩም ሁለት ስም እንደ ነበረው ያመለክታል እንጂ ስሙ ተለወጠ አይልም።

ከብርሃኑ በኋላ የሆነውን እንመልከት። ሦስት ቀን ዕውር ሆኖ ተቀመጠ። ከዚያም ሐናንያ የሚባል ሰው፣ እየፈራ፣ ቀጥተኛ በምትባለው መንገድ ወዳለው ቤት መጥቶ እጁን ጫነበት። ጳውሎስ ራሱ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት እንደሚናገረው ወደ ዐረብ አገር ሄደ፤ ወደ ደማስቆም ተመለሰ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ከጴጥሮስ ዘንድ ዐሥራ አምስት ቀን የተቀመጠው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያም ወደ ጠርሴስ ሄዶ ሳለ በርናባስ ፈልጎ አገኘውና ወደ አንጾኪያ አመጣው፤ በአንጾኪያም ሁለቱ አንድ ዓመት ሙሉ ሕዝቡን አስተማሩ። ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉትም በዚያች ከተማ ነው። እንግዲህ በመንገዱ ላይ ያለፈው አንድ ቀትር ነው፤ የቀረው ሁሉ ዓመታት ነው። በገማልያል እግር ሥር የተማረው የቀድሞ ትምህርትም አልጠፋም፤ በመልእክቶቹ ሁሉ የሚከራከረው በዚያው በተማረው መጽሐፍ ነው።

የቈስጠንጢኖስ ነገር በአጭሩ ይበቃናል። በ312 በሮም አጠገብ በሚልቪዮ ድልድይ ድል ማድረጉ የታወቀ ነው። ራእዩን ግን ላክታንጥዮስ በሕልም የታየ ያደርገዋል፤ የቂሣርያው አውሳብዮስ ደግሞ በቀን በሰማይ ላይ የታየ አድርጎ ይጽፈዋል። ከድሉም በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል የፀሐይ አምላክ ሥዕል ከገንዘቡ ላይ አልጠፋም። የተጠመቀው በ337፣ ሊሞት ሲቃረብ ነው። ጥምቀትን እስከ ሕይወት ፍጻሜ ማቈየት በዚያን ጊዜ የተለመደ ስለ ነበረ በዚህ ብቻ ሊነቀፍ አይገባም፤ ነገር ግን በድልድዩና በጥምቀቱ መካከል ሃያ አምስት ዓመት እንዳለ ለተማሪ ሊነገረው ይገባል።

አሁን ወደ አክሱም እንመጣለን፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቈይ። የፍሬምናጦስን ታሪክ በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው ሩፊኖስ ነው፤ ሩፊኖስም አገሩን በዘመኑ ልማድ «ህንድ» ብሎ ቢጠራውም፣ ነገሩን የሰማው በጢሮስ ቄስ ከነበረው ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ እንደ ሆነ ይናገራል። ሜሮጲዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሩቅ አገር ለማየት ሁለት ልጆች ይዞ ሄደ፤ ልጆቹም ዘመዶቹና ተማሪዎቹ ነበሩ፤ ታላቁ ፍሬምናጦስ፣ ታናሹ ኤዴስዮስ ይባላሉ። በመመለሻቸው መርከቡ ውሃና ስንቅ ፍለጋ ወደ አንድ ወደብ ገባ፤ በዚያ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ስለ ነበር ፈላስፋውንና መርከበኞቹን ፈጇቸው። ልጆቹ ግን በዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ ስለ ራሩላቸውም ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

ይህን የዛፍ ጥላ አንባቢው ልብ ይበል። የሩፊኖስ ታሪክ አጭር ነው፤ ብዙ ነገር ይዘላል፤ ልጆቹ ያጠኑ እንደ ነበር ግን ሳይጽፍ አላለፈም። ኤዴስዮስ ሸምግሎ ሳለ እንኳ ያን ቀን የረሳው አይመስልም።

ንጉሡ ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስን ግን አስተዋይነቱን አይቶ የገንዘብ ቤቱና የጽሕፈቱ ሹም አደረገው። ንጉሡ ሲሞት ልጁ ገና ሕፃን ነበር፤ ንግሥቲቱም እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት ሁለቱን ለመነች። በእነዚህ ዓመታት ፍሬምናጦስ ያደረገው ዐዋጅ ማስነገር አልነበረም። ለንግድ ከመጡት ሮማውያን መካከል ክርስቲያኖቹን እየፈለገ የጸሎት ስፍራ እንዲሠሩ ይረዳቸው ነበር፤ ሥራውም የተጀመረው በወደብና በገበያ አካባቢ በጥቂት እንግዶች መካከል ነው። ሕፃኑ አድጎ መንግሥቱን በተረከበ ጊዜ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ሄደ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ወርዶ፣ በ328 የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ለሆነው ለአትናቴዎስ ለዚያ ሕዝብ ጳጳስ እንዲልክ አመለከተ። አትናቴዎስም ከእርሱ የተሻለ ሰው እንደማይገኝ ተናግሮ ራሱን ሾሞ መለሰው። የአገራችን ሰው አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብሎ የሚጠራው ይህን ሰው ነው።

ይህ ተረት እንዳይባል ሌላ ምስክር አለ። የሮማው ቄሣር ቈንስጣንጥዮስ በ356 ወይም በ357 ገደማ ለአክሱም ገዦች ለኢዛናና ለሳይዛና የጻፈው ደብዳቤ በአትናቴዎስ መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ቄሣሩ በሃይማኖት ክርክር ምክንያት አትናቴዎስን አሳድዶ ስለ ነበር፣ በእርሱ የተሾመው ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተልኮ በአዲሱ ሹም በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ይጠይቃል። በትውፊታችን አብርሃና አጽብሓ ተብለው የሚታወቁትን ሁለት ወንድማማች ነገሥታት ብዙ ሊቃውንት ከእነዚሁ ከኢዛናና ከሳይዛና ጋር ያያይዟቸዋል።

ከደብዳቤው ይልቅ ደግሞ ድንጋዮቹ ይናገራሉ። ኢዛና በግሪክ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል ባስጻፈው የድል ሐውልት ላይ ራሱን የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ይላል፤ በግሪኩም ማሕረም የጦር አምላክ አሬስ ተብሎ ተተርጕሟል። በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ በግዕዝ ባስጻፈው ድንጋይ ግን ማሕረም የለም፤ ድሉን የሰጠው የሰማይ ጌታ ነው ይላል፤ የክርስቶስ ስም ግን አልተጠቀሰም። በሌላ በግሪክ በተጻፈ ድንጋይ ላይ ደግሞ እምነቱን በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ አድርጎ በግልጥ ይናገራል። በገንዘቡም ላይ እንዲሁ የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ይታይ ነበር፤ ኋላ በእርሱ ፈንታ መስቀል ገባ። በገንዘባቸው ላይ መስቀልን ካስቀረጹት ከዓለም የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት አንዱ ኢዛና ነው።

የግዕዙ ድንጋይ ክርስቶስን ሳይጠቅስ የግሪኩ መጥቀሱ ሊቃውንቱን አከራክሯል። አንዳንዶቹ ንጉሡ ደረጃ በደረጃ እንደ ተመለሰ ያስባሉ፤ አንዳንዶቹም ግሪኩ ለባሕር ማዶ ሰዎች፣ ግዕዙ ለአገሩ ሰዎች የተጻፈ በመሆኑ ለእያንዳንዱ በሚገባው ቃል ተናገረ ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። የሰማይ ጌታ የሚለውን ቃል ገና ያልተጠመቀው የአክሱም ሰው ሊሰማው ይችል ነበር፤ አይደነግጥበትም። ፊልጶስ በጋዛ መንገድ እንዳደረገው፣ ይህም ተማሪው ገልጦ ከያዘው ገጽ መጀመር ነው።

የንጉሥ ቤት መመለስ የአገር መመለስ አይደለም። በየሓ አቅራቢያ በቤተ ሰማዕቲ በተደረገው ቍፋሮ በ4ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ መገኘቱ በ2019 ተገልጧል፤ ከሕንፃውም አካባቢ የክርስትና ምልክት ያለባቸውና የሌለባቸው ዕቃዎች ተገኝተዋል። ትውፊታችን ተሰዓቱ ቅዱሳን ብሎ የሚያከብራቸው መነኮሳት የመጡት ከኢዛና በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የግዕዝ ወንጌሎች ብራናቸው በሳይንስ ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ መዘጋጀታቸው ታውቋል። ገጠሩ የተማረው በእነዚህ ገዳማትና በእነዚህ መጻሕፍት ነው፤ ዕድሜውም በትውልድ የሚቈጠር ነው።

እስካሁን ያየናቸው ዓመታቱን የታገሡ ናቸው። ዓመታቱን ማሳጠር የፈለጉ ነገሥታትም ነበሩ፤ ከእነዚህም ዋነኛው የፍራንኮች ንጉሥ ታላቁ ካርል ነው። በዛሬይቱ ጀርመን ሰሜን ይኖሩ ከነበሩት ከሳክሶኖች ጋር ከ772 እስከ 804 ተዋጋ። በ782 በቬርደን 4,500 ሰዎች በአንድ ቀን አንገታቸው እንደ ተቈረጠ የመንግሥቱ ዜና መዋዕል ራሱ ይናገራል። ባወጣውም ሕግ መጠመቅን እንቢ ያለ ሞት፣ ሬሳን በቀድሞው ልማድ ያቃጠለ ሞት፣ ዐቢይ ጾምን ንቆ ሥጋ የበላም ሞት ተፈረደበት። የሳክሶኖቹ መሪ ዊዱኪንድ በ785 እጁን ሰጥቶ ተጠመቀ።

ቬርደን ላይ ያ ደም በፈሰሰበት ዓመት ገደማ አልኩዊን የሚባል እንግሊዛዊ ወደ ካርል ቤተ መንግሥት ገባ። አልኩዊን ጳጳስ አልነበረም፤ የዮርክ ካቴድራል ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር፤ ወደ ቤተ መንግሥት የተጠራውም ለማስተማር ነው። በ796 ካርል አቫር የሚባሉትን ሕዝብ ባሸነፈ ጊዜ ይህ አስተማሪ ብዕሩን አንሥቶ ለንጉሡና ለወዳጆቹ ጻፈ። ሰው ወደ እምነት ይሳባል እንጂ አይገፋም፤ በግድ የተጠመቀ ሰው ገላው ይታጠባል እንጂ ነፍሱ አትጠቀምም፤ አስቀድሞ ማስተማር፣ ከዚያ ማጥመቅ፣ ከዚያም እንደ ሕፃን በለዘበ ትምህርት ማሳደግ ይገባል፤ ትናንት በተጠመቀ ድኻ ላይ ዐሥራት መጣል ግን ሳክሶኖቹን እምነታቸውን እንዳስጠላቸው አትርሱ የሚል ነው አሳቡ። በዚህ ንጉሥ ፊት ይህን መናገር ቀላል አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት በ797 ለሳክሶን የወጣው አዲስ ሕግ ከቀድሞው የለዘበ ሆኖ፣ በሞት ፈንታ ብዙውን ጊዜ የገንዘብ መቀጫ ይጠይቃል። የአልኩዊን ደብዳቤ ብቻ አደረገው አልልም፤ ጦርነቱም ሁሉን አድክሞ ነበር።

ለሙያችን የማይመቸው ምስክር እዚህ ላይ ይመጣል። ሰይፍ ምንም አልሠራም ብንል ታሪክን መዋሸት ይሆናል። ሳክሶን ተመልሳ ወደ ጣዖት አልሄደችም፤ መቶ ሰባ ዓመት ሳይሞላ፣ በ962፣ የሳክሶን ሰው የሆነው ኦቶ በሮም የቄሣርነት ዘውድ ጫነ። ነገር ግን ከሰይፉ በኋላ የመጣውንም መቍጠር ያስፈልጋል። በ822 የኮርቫይ ገዳም ተተከለ፤ በዚያው መቶ ዘመን የክርስቶስ ሕይወት በሳክሶን ቋንቋ በግጥም ተጽፎ ሄሊያንድ ተባለ። የቬርደን ሰዎች ልጆች ሃይማኖቱን በቋንቋቸው የሰሙት ያን ጊዜ ነው። አባቶቻቸው ግን አልሰሙትም፤ ሞተዋልና።

ሳክሶኖችን ያጠመቀው ድል አድራጊ የውጭ ንጉሥ ነው። በአገራችን ደግሞ የራሱ የሕዝቡ ንጉሥ ያንኑ ቢሞክር ምን እንደሚሆን ታይቷል። የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት በዐድዋ አካባቢ መኖሪያቸውን መሥርተው ፍሬሞና አሉት፤ ስሙን የሰጡት ለፍሬምናጦስ መታሰቢያ ነው። በ1603 የመጣው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛ ተማረ፤ በትምህርት ቤቱ ልጆችን አስተማረ፤ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክም ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ዐፄ ሱስንዮስ ከእርሱ ጋር መነጋገር ያዘወትሩ ነበር፤ የፖርቱጋልም የጦር ዕርዳታ ተስፋ ከነገሩ አልራቀም። በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት መቀበላቸውን በግልጥ ተናገሩ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ።

በ1625 የገባው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። በ1626 ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ ለሮማው ፓፓ መታዘዛቸውን በመሐላ ካረጋገጡ በኋላ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ፣ ታቦታቱ እንደ ገና እንዲባረኩ ተጠየቀ፤ በዓላትና አጽዋማት ወደ ሮማ አቈጣጠር ተዛወሩ፤ ግዝረትና የቀዳሚት ሰንበት መከበር ተከለከሉ። ከሺሕ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ክርስቲያን ሆኖ የኖረ ሕዝብ ጥምቀትህ ጥምቀት አይደለም ሲባል ምን እንደሚሰማው ሜንዴዝ የጠየቀ አይመስልም። ተማሪው የገለጠውን ገጽ ዘግቶ፣ መጽሐፉንም ከእጁ ወስዶ፣ ሌላ መጽሐፍ መስጠት ነው። ከተቃወሙት አንዷ ወለተ ጴጥሮስ ናት፤ ባሏ መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ ባለሟል ሲሆን እርሷ ቤቷን ትታ መነኰሰች፤ ገድሏም በ1672 ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። ዐመፁ በየአውራጃው ተነሣ። በ1632 ከላስታ ሰዎች ጋር በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል አደረጉ፤ በሜዳው ላይ የወደቁት ግን በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ የራሳቸው ሕዝብ ነበሩ። ያን ካዩ በኋላ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት ዐረፉ። ዐፄ ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ፓኤዝ በሃያ ዓመት የሠራው ከሜንዴዝ ሰባት ዓመት ጋር አብሮ ጠፋ።

የመጨረሻው ምስክር ከጎረቤቶቻችን ከቡጋንዳ ይምጣ። ወደ ንጉሥ ሙቴሳ አደባባይ የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች በ1877፣ የፈረንሳይ ካቶሊኮች በ1879 ደረሱ። ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ማካይ በማተሚያ መሣሪያ በሉጋንዳ ቋንቋ የማቴዎስን ወንጌል ክፍሎች አተመ። የንጉሡ እልፍኝ አሽከሮች ፊደል ለመማር ተሽቀዳደሙ፤ አዲሱን ሃይማኖት የተቀበሉትንም ሕዝቡ «አባሶሚ» አላቸው፤ አንባቢዎች ማለት ነው። የካቶሊክ መነኮሳት በ1882 አገሩን ለቀው ከሐይቁ በስተ ደቡብ ሦስት ዓመት ያህል ሲቈዩ፣ የጀመሯቸው ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ተማማሩ፤ በ1885 ሲመለሱ ቍጥራቸው በዝቶ አገኟቸው። በዚያው ዓመት በአዲሱ ንጉሥ በምዋንጋ ስደት ተጀመረ። በጁን 3 ቀን 1886 የአሽከሮቹ አለቃ ቻርልስ ልዋንጋና ብዙ ባልንጀሮቹ በናሙጎንጎ በእሳት ሞቱ፤ ልዋንጋ ራሱ ከተጠመቀ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ገና ያልተጠመቁትን ታናናሾቹን ግን ከፍርዱ በፊት አጥምቋቸው ነበር። በስደቱ ከሞቱት መካከል 22 ካቶሊኮችና 23 አንግሊካኖች በሰማዕትነት ይታወሳሉ።

የተረፉት አንባቢዎች ብዙ ሳይቈዩ የአገሩ መኳንንት ሆኑ፤ ሆነውም ተጣሉ። በ1892 በጃንዋሪ ወር በመንጎ ኮረብታ የእንግሊዝ ወገን የተባሉትና የፈረንሳይ ወገን የተባሉት ተታኰሱ፤ ጦርነቱም በካፒቴን ሉጋርድ መትረየስ ተወሰነ፤ ከዚያ በኋላ የአገሩ ሹመት በሃይማኖት ተከፋፈለ። ጁን 3 ዛሬ በኡጋንዳ የሰማዕታት ቀን ነው፤ ከኬንያ፣ ከታንዛንያና ከሩዋንዳ ጭምር ብዙ ሕዝብ ለቀናት በእግሩ ተጕዞ ወደ ናሙጎንጎ ይመጣል። እዚያ ሲደርስ ግን መንገደኛው ለሁለት ይከፈላል፤ የካቶሊኮቹና የአንግሊካኖቹ መቅደሶች በጥቂት ርቀት ለየብቻቸው የተሠሩ ናቸውና።